ሳይጨረስ የተነሣ ሳህን

አጎቴን ሰፈሩ «ጓንቱ» እያለ ነው የሚጠራው። ነጭ ጓንት ማጥለቅ ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስሙ ግን እንደተጣበቀበት ቀረ። ዛሬም ሻይ ሲቀዳ ክንዱን ወደ ወገቡ ሰብሰብ ያደርጋል፤ ለእንግዳ ወንበር ሲስብ ድምፅ አያሰማም። ልጆች ሳለን ከኋላው ቆመን እንኮርጀው ነበር። ዞር ብሎ ያየንና «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፤ በዚህ ዓይነትማ አትቀጠሩም» ይለናል።

ሥራው በረሃ መሐል በቆመ የባቡር ሆቴል ውስጥ ነበር። ባቡሩ ለምሳ እዚያ ይቆማል። መንገደኛው አቧራውን አራግፎ ይገባል፣ ይበላል፣ ደወል ሲሰማ ተመልሶ ይሳፈራል። ለአስተናጋጆቹ ከዚያ ደወል የሚበልጥ አለቃ አልነበረም። ደወሉ ከተደወለ እንግዳው ጨረሰም አልጨረሰም ሳህን ይነሣል። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ባቡሩ ሊነሣ ነው» ይባልና ሳህኑ ከፊቱ ይወሰዳል። የተረፈው የአስተናጋጁ ነው፤ የሆቴሉ ባለቤቶችም ይህን እያወቁ ዝም ይሉ ነበር።

ሾርባው ታዲያ ከእሳት እንደወረደ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። ትኩስ ሾርባ ሰው ያዘገያል። መንገደኛው እፍ እፍ ሲል ሥጋው ሳይነካ ደወሉ ይደርሳል። የአጎቴ ልጅ ያደገው በዚያ ሥጋ ነው፤ በወረቀት ተጠቅልሎ በኮት ኪስ በሚመጣ፣ አንዳንዴም የሰው ጥርስ ባረፈበት ሥጋ።

ባቡሩ ቆመ። ሆቴሉ ተዘጋ። አጎቴ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ከተማ መጣና በየአዳራሹ እያስተናገደ ልጁን አስተማረ። ልጁ ሰው ወጣው፤ ዛሬ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ያገባትም የጡረተኛ ዳኛ ልጅ ናት። አባቱን ለአማቶቹ ሲያስተዋውቅ «ባቡር ላይ ነው የሠራው» አለ። ዳኛው «የጣቢያ ኃላፊ ነበሩ ማለት ነው» ብለው ቀሪውን ራሳቸው ሞሉት። ልጁ አላረማቸውም። ዛሬ ነገ ሲል ዓመታት አለፉ፤ በዳኛው ቤት አጎቴ የጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ቀረ። እሱ ራሱ ግን ሹመቱን አልሰማም ነበር።

የሰማው ወደ ሆቴሉ ሲሄዱ መንገድ ላይ ነው። ሆቴሉ ታድሶ ተከፍቶ ነበር። የዳኛው ባለቤት በሙሽርነታቸው ጊዜ በባቡሩ ሲያልፉ ምሳ የበሉበት ነውና ዜናውን እንደሰሙ ለሁሉም ክፍል ያዙ፤ ልጁ ማምለጫ አላገኘም። ዳኛውና ባለቤታቸው በራሳቸው መኪና ቀደሙ። ልጁ ሚስቱንና አባቱን ጭኖ ተከተለ። መንገዱ አሸዋ ለብሶ መታጠፊያው ሲጠፋ «በግራ፣ ከውኃ ታንከሩ በኋላ» እያለ የመራው አጎቴ ነው። ነዳጅ ሊቀዱ ቆመው ሚስቱ ስትወርድ ልጁ እየተንተባተበ ነገረው። አጎቴ ሣቀ።

«በጡረታዬ ሹመት መጣልኝ በለኛ» አለ። «ግድ የለም፣ አላሳፍርህም። የጣቢያ ኃላፊ ምን ይሠራል? እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። እሱማ አያቅተኝም።»

ሆቴሉ ሲደርሱም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የገባው። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፤ የእንጨት መስኮቶቹ ተወልውለዋል፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያዎች ቀስ ብለው ይዞራሉ። ሻንጣውን የሚቀበለው ሠራተኛ ሲመጣ መስጠት አቃተውና ትንሽ ተጓተቱ። ደረጃው ሥር ሲደርስ ደግሞ ቆመ። በሥራው ዘመን አስተናጋጅ በዚያ ደረጃ አይወጣም ነበር። «ውጣ እንጂ አባባ» አለ ልጁ በሹክሹክታ። ክፍሉ ገብቶ አልጋው ላይ አልተቀመጠም። ምሳ እስኪጠሩ ድረስ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ጠበቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከአባትም ከልጅም ለየብቻ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱም የሚያወሩት የየራሳቸውን ጥፋት ብቻ ነው።

የምግብ አዳራሹ ጠረጴዛዎች እንደ ድሮው ነው የተደረደሩት። አጎቴ ከዳኛው ትይዩ ተቀመጠ። ዳኛው ትሑት ሰው ናቸው፤ «እርስዎ ይቅደሙ» እያሉ ዳቦውን ወደሱ ያስጠጋሉ። ባለቤታቸው ደግሞ ደስታቸው ገደብ አጥቷል። የተቀመጡበትን ማዕዘን፣ የለበሱትን ቀሚስ፣ የመስኮቱን ሙቀት ሁሉ ያስታውሳሉ።

«ሾርባው ምላስ የሚልጥ ነበር» አሉ። «እሱን እፍ እፍ ስንል ሥጋውን ከፊታችን ያነሡታል። ሆን ብለው ነው አሉ፤ ለልጆቻቸው ሊወስዱት። እስቲ አሁን የሰው አፍ የነካው ለልጅ ይሰጣል?»

ልጁ ሹካውን አስቀመጠ። ወይዘሮዋ ወደ አጎቴ ዞሩ።

«እርስዎስ ኃላፊ ሆነው ዝም ይሏቸው ነበር?»

«የምግብ አዳራሹ ከሥልጣኔ ውጭ ነበር፣ እመቤቴ» አለ አጎቴ።

ሁሉም ሣቁ። ልጁም ተነፈሰ። አባቱ ሹመቱን ከእሱ በተሻለ ተሸክሞታል።

ሆቴሉን ያደሱት ሰዎች ግን አንድ ነገር ጨምረዋል። ድሮ ድሮ እንዲሸት ብለው ምሳው ሊያልቅ ሲል አሮጌውን ደወል ያስደውላሉ። ይህን የነገራቸው አልነበረም። ደወሉ በሩ አጠገብ ተደወለ።

«እግሬ ተነሣ እንጂ እኔ አልተነሣሁም» ይላል አጎቴ። ዳኛው ሥጋቸውን ገና በሹካ ወግተው ነበር። ሳህኑ ከሹካው ሥር ሄደ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ባቡሩ ሊነሣ ነው።» ቀጥሎ የወይዘሮዋን ሳህን አንሥቶ በክንዱ ላይ ደረበው። ከሁለቱ ሳህኖች የተረፈውን ሥጋ በቢላ ጠርጎ አንድ ላይ ሰበሰበ፤ መጠቅለያ የጠረጴዛ ወረቀት ሳበ። ወረቀቱን ማጠፍ ሲጀምር ነው ዝምታውን የሰማው። ከሆቴሉ አስተናጋጆች አንዷ ትርዒት መስሏት አጨበጨበች፤ ወዲያው እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

ወይዘሮዋ ወረቀቱን አዩ። ከዚያ ልጁን አዩት።

ልጁ «አባባ ቀልድ ይወዳል» ቢል ይበቃው ነበር። እውነቱን ቢናገርም ጠረጴዛው አይገለበጥም ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«አባባን መርሳት ጀምሮታል» አለ። «አንዳንዴ የት እንዳለ፣ ማን እንደሆነ ይጠፋበታል። ልነግራችሁ አስቤ ከብዶኝ ነው።»

አጎቴ ሳህኖቹን እንደያዘ ልጁን አየው። ብዙ አላየውም። ከዚያ ፊቱን ላላ አደረገ፣ አፉን ትንሽ ከፈተ፣ በማያውቁት ድምፅ «ባቡሩ ሄደ እንዴ?» አለ።

ወይዘሮዋ እንባቸው መጣ። «ምስኪን» አሉ። ዳኛው ተነሥተው ሳህኖቹን ከእጁ ተቀበሉና ደግፈው አስቀመጡት። አጎቴ ተደግፎ ተቀመጠ። እንደዚህ ሆኖ ነው ልጁን ያዳነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዳኛው «እርስዎ» ማለት ተዉ። «አባብዬ» አሉት። ጮክ ብለው፣ ቃል በቃል እየለያዩ ነው የሚያናግሩት። ፀሐይ በረድ ሲል በረንዳው ላይ እጁን ይዘው አንሸራሸሩት፤ ዝገት የበላውን ሐዲድ እያሳዩ «ይህ ባቡር የሚሄድበት ነው» ብለው አስረዱት። ወይዘሮዋ ሹራብ አለበሱት። እሱም ስማቸውን ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ በየጊዜውም እንደ አዲስ ነገሩት። ልጁ ከኋላቸው ሆኖ ይሄዳል። አንዴ አጎቴ ወደሱ ዞሮ «ይሄ ልጅ ማን ነው?» አለ። ዳኛው ደንግጠው የልጁን ትከሻ ጨበጥ አደረጉ።

የልጁ ሚስት ክፍላቸው ሲገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። «ጠዋት መንገዱን የመራን ማን ነበር?» ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ዳኛው የአጎቴን ዳቦ ቆራርሰው፣ አንገቱ ላይ ፎጣ አሰሩለት። ስንት ሹማምንት ያስተናገደ፣ አንዲት ጠብታ ሾርባ በሰው ጉልበት ላይ አፍስሶ የማያውቅ ሰው ሻዩን ሆን ብሎ ደረቱ ላይ አፈሰሰ። ልጁ ሊጠርገው ሲነሣ ወይዘሮዋ ቀደሙት።

ሲመለሱ ሚስቱ ከእናቷ ጋር ልሂድ አለች። አባትና ልጅ ብቻቸውን በአንድ መኪና ሆኑ። በረሃው ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። አጎቴ አፉን ከፈት እንዳደረገ በመስኮቱ ያያል።

«አባባ» አለ ልጁ ብዙ ከሄዱ በኋላ። «አሁን ብቻችንን ነን።»

አጎቴ ከመስኮቱ ዞር አላለም።

«አባባ፣ እባክህ። ተው አሁን።»

«ልልመደው እንጂ» አለ አጎቴ፣ በራሱ ድምፅ። ቁጣ የለበትም። «ነገ ቤታቸው ስንጠራ ብሳሳት የምትዋረደው አንተ ነህ። አንድ ጊዜ አሳፈርኩህ፤ ሁለተኛ አልፈልግም።»

«እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ? ጤነኛ አባቴን ጅል ያደረግኩት እኔ ነኝ ብለህ?» ቀጥሎም «ያ ሥጋ ግን ጥሩ ነበር። ዳኛው እንኳ አልነኩትም» አለ።

ልጁ ሊሥቅ ፈልጎ አልሆነለትም። የነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርሱ የአማቶቹ መኪና ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ልጁ መኪናውን አጠገባቸው አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ሊናገር ነበር፤ ለእኔም የማለልኝ ይህን ነው። ዳኛው መጡ፤ በአጎቴ መስኮት ጎንበስ አሉ።

«አባብዬ፣ ደህና ነህ? ውኃ ልስጥህ?»

አጎቴ ፊቱ ላላ። «ባቡሩ ዘገየ እንዴ ጌታዬ?»

«ዛሬ ባቡር የለም። በመኪና ነው የምንሄደው። ልጅህ ነው የሚወስድህ።» ዳኛው ቀና ብለው ልጁን አዩት፤ ዓይናቸው ውኃ አቅርሯል። «ተባረክ» አሉት። «እኔ ስደክም እንዳንተ ያለ ልጅ ቢኖረኝ ምነው።»

ልጁ አፉን ከፈተ።

«አመሰግናለሁ ጋሼ» አለ።

መስኮቱን የዘጋው አጎቴ ነው።