አራስ ቤት የተተወው የጋዝ ቱቦ

በጣሊያን ጊዜ፣ መቱ ከተማ ላይ፣ አራስ እናቴ በተኛችበት ክፍል የጋዝ ቱቦ አፉን ሳይዘጉ ትተውብን ሄዱ። በደሉ ይህ ነው። «ጊዜው ነው እንጂ ማን ምን ያደርጋል» እያሉ የሚያለሳልሱት ስላሉ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ቤታችንን አንድ የጣሊያን ሹም ወስዶት የጓሮዋን ክፍል ለጸሐፊው ሰጥቶ ነበር። ጸሐፊው ሲዛወር እኛን እዚያች ክፍል ከተቱን። ግቢው ውስጥ የብረት በርሜል አቁመዋል። ግራጫ ድንጋይ ይጨምሩበታል፤ ድንጋዩ ውሃ ሲነካው ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቱቦ ሄዶ መብራት ያበራል። እኛ ስንገባ የክፍላችንን መብራት ነቅለው ወሰዱ። ቱቦው ከነጋዙ ቀረ።

ለሹሙ አስተርጓሚ ነገርኩት። የአገሬ ሰው ነው፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ በእሱ የምበሳጨው።

«ሰም ወትፉበት» አለኝ።

ሰም መቼ አጥተን! ጠቀጠቅንበት። ግን አራስ ቤት እሳት አይጠፋም፤ የምድጃው ሙቀት ሰሙን አላላው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ቤታችን ውስጥ አንድ ፍሬ እንኳ አልነበረም፤ የጋዙ ሽታ ነው። እሳቱ ላይ ውሃ ደፋሁ፣ በሩን በረገድኩ፣ እናቴን ከነሕፃኗ ጎትቼ አወጣሁ።

«አራስ ብርድ ላይ! አብደሻል?» ብለው ሴቶች ጮኹብኝ። ጨው የምትሸጠው ጎረቤታችን ብቻ «ኮቱ፣ ነይ ግቢ» ብላ እናቴን ቤቷ አስገባቻት።

ክፍሉ ሲናፈስ፣ ጋዙ ያፈስ እንደሆነ ለማየት የእንዶድ አረፋ ሰሙ ላይ ቀባሁ። አረፋው ተነፋ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ ተነፋ። አስተርጓሚውን ጠርቼ «ጋሼ፣ ይዩት» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ መካኒክ ሆንሽ?»

«እርስዎ አፍንጫ ቢኖርዎት መች እሆን ነበር!»

ስቆ ሄደ። በማግስቱ ጣሊያኑ መካኒክ ድንጋይ ሊጨምር ሲመጣ፣ ቱቦው ሳይዘጋ አይጨመርም ብዬ በርሜሉ ፊት ቆምኩ። ገፍትሮ ጣለኝ። ተነሥቼ ቆምኩ። ተሳድቦ ሄደ። ሹሙ እራቱን በጨለማ ከበላ በኋላ ግን ለቱቦው ክዳን ተገኘ።

መካኒኩ በማግስቱ ጠዋት የበርሜሉን ቧንቧ ዘጋ፤ ሰሙን ፈንቅሎ የቱቦውን አፍ ጠረገ፤ ክር ጠቅልሎበት የብረት ክዳን አጥብቆ አሰረበት። ከዚያ በርሜሉን ሞልቶ ቧንቧውን ከፈተ። ካልሞከርኩት አልለቅም ብዬ አረፋዬን ቀባሁ። አልተነፋም። እናቴ የምትመለስበት ቤት አገኘች።

ክዳኑን ያወጣው ግን በክዳን ከተሞላ ከረጢት ነው። ይባስ ብሎ ከረጢቱን ሊያስቀምጥ የሹሙን የኮርቻ ክፍል ሲከፍት፣ እዚያም መብራቱ የተነቀለ ቱቦ አየሁ። ያው ክዳን ገና ድሮ ተገጥሞለታል።

አስተርጓሚውን መንገድ ላይ አስቁሜ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሰው የማይተኛበት ክፍል ክዳን ሲገጠምለት፣ ለአራሷ ለምን ሰም?»

ዓይኔን ሳያይ መለሰልኝ።

«ኮርቻውማ የመንግሥት ንብረት ነው።»