ቶሎሳ ገንዳው ውስጥ የገባ ዕለት

ትናንት ልጄን ዋና ላለማምዳት ወስጄ የገንዳው እንፋሎት ፊቴን ሲነካኝ ሶደሬ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። የናዝሬት ሰፈራችን ሰዎች እሑድ አውቶቡስ ተከራይተን ሄድን። ፍልውሃው ውስጥ ስንንጫጫ ጎረቤታችን ቶሎሳ ቀስ ብሎ ገባ። የአሰብ መኪና ረዳት ነበር፤ ከስቶ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። ስለ ኤድስ መወራት የጀመረው ያኔ ነው። አንዲት እናት ልጇን ጎትታ አወጣች፤ ወዲያው ሁላችንም ወጣን።

አክስቴ እትዬ አስካለ ነርስ ነበሩ። ነጠላቸውን አስቀምጠው በቀሚሳቸው ገቡና ቶሎሳ አጠገብ ቆሙ።

«አይፈሩም፣ እትዬ?» አላቸው።

«በሽታውንማ እፈራዋለሁ። ውሃውን ለምን ልፍራ?»

ከዚያ ወደ እኛ ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። «ስሙ ልጆች፣ በውሃም በመጨባበጥም አይተላለፍም። በግብረ ሥጋና በደም ነው። ከእኔ ስሙትና ተጠንቀቁ።»

እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ሲነገር ሰምተን ስለማናውቅ ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን።

ስንመለስ ሁለቱ ከኋላ ተቀመጡ፤ ከፊታቸው ያለው ወንበር ባዶ ቀረ። ሄጄ ተቀመጥኩበት።

«ነይ ወደዚህ!» አለች እናቴ ከፊት።

እትዬ አስካለ ሂጂም ቆዪም አላሉኝም። ቶሎሳ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሂጂ እንጂ፣ እናትሽ ናት» አለኝ።

ናዝሬት እስክንገባ አልተነሳሁም። ቤት ስንደርስ እናቴ ልብሴን ለብቻው ለይታ በፈላ ውሃ ነከረችው።

እናቴ ዛሬም አለች። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም።