አባቴ የማያውቁት ግቢ

አባቴ «ይህ የእኔ ቤት አይደለም» ማለት የጀመሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በረንዳው ላይ ቆመው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙና፣ «የእኔ ግቢ ቀይ ነው። ይኼ የማን ነው?» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ኮታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ውጭው በር አመሩ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ቤቴ ልሂድ እንጂ፤ ሰው ቤት ምን አስቀመጠኝ?»

አባቴም ልክ ነበሩ። ግቢያችን ቀይ ነበር። ቤቱን ሲያሠሩ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። ሲሚንቶው ላይ ቀይ የቀለም ዱቄት አስቀላቅለው፣ እርጥብ እንዳለ ቅርጽ እያስጫኑበት፣ ከበረንዳው ደረጃ እስከ በሩ ድረስ የተነጠፈ ድንጋይ አስመስለው አሠሩት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በእኛ ሰፈር እንዲያ ያለ ግቢ አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን አራግፎ ነበር የሚረግጠው። እናቴ በሕይወት ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና ታጥበው ነበር።

ከዚያ በኋላ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁ ቀለሙን በሉት። መሀሉ አመድ መሰለ፣ በጥላው በኩል ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ያዳልጣል። እኔ በየቀኑ ስለምረግጠው መደብዘዙን ልብ አላልኩትም። አባቴ ግን በመርሳት ሕመማቸው የቅርቡ ሁሉ እየጠፋባቸው የድሮው ብቻ ነው የቀራቸው። በልባቸው ያለው ቤትና በዓይናቸው የሚያዩት ቤት አልገጥም አላቸው።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ የሚያሳዝን ነገር ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ግን ከተማው ውስጥ ሳይታሰብ ተኩስ ይነሳ ነበር። ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ብዙ ቀን ይዘጋል። ስልክ አይሠራም። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። አባቴ ቤታቸውን ፍለጋ ሲወጡ ተኩሱ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል ብዬ ስለምፈራ ምግብ አይወርድልኝም ነበር። ገላዬን ስታጠብ እንኳ ውኃውን እየዘጋሁ የበሩን ድምፅ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ለዳቦ ደርሼ ስመለስ ጎረቤታችን ክንዳቸውን ይዛ ከመንገድ ስትመልሳቸው አገኘኋት። «ኧረ ጠብቂያቸው» አለችኝ። 

በማግስቱ ግቢውን እንደገና ቀይ ለማድረግ ወሰንኩ። ይሠራል አይሠራም አላውቅም፤ ግን ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ሐጂ አሉ። አባቴን ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። ምን እንደምፈልግ ስነግራቸው፣ «እንደ መጀመሪያው አይሆንም» አሉኝ። «የመጀመሪያው ከሲሚንቶው ጋር የተቦካ ነው። አሁን የምትቀቢው ከላይ ነው የሚቀመጠው። ግን በደንብ ከታጠበ ይይዛል።»

ከጓሮ አንድ ጣሳ ቀይ የወለል ቀለም፣ ቀለሙን የሚያቀጥን አኳራጅ፣ የሽቦ ብሩሽና መጨረሻ ላይ የሚቀባ ቫርኒሽ አመጡልኝ።

«አረንጓዴውን ፍቂው። እጠቢው። እስኪደርቅ ድረስ አትቸኩይ፤ እርጥበት ላይ ከቀባሽው ይላጣል። መጀመሪያ ስስ አድርገሽ፣ ሲደርቅ ደግሞ ድገሚው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባትሽስ እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

«ያው ናቸው ሐጂ።»

«አላህ ይማራቸው። ተኩስ ሲሰማ ግን ከቤት አትውጡ።»

ፋቅሁ፣ አጠብኩ፣ ፀሐይ እስኪያደርቀው ጠበቅሁ። ጉልበቴ ቆሰለ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እንደ እንግዳ ያዩኛል። «የቤቱ ባለቤት ይከፍሉሻል?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ» አልኳቸው። «ያሠሩሻል እንጂ አይከፍሉሽም፤ ተጠንቀቂ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

የቀባሁበት ቀን ጥርት ያለ ነበር። አባቴ ምሳቸውን በልተው ሲጋደሙ ከደረጃው ጀመርኩ። በግንቡ ጥግ አንድ ሰው የሚያስኬድ ደረቅ መንገድ እየተውኩ ወደ በሩ ወረድኩ። ቀለሙ በአመዱ ላይ ሲሄድ የድሮዎቹ የድንጋይ ቅርጾች አንድ በአንድ ወጡ። ልቤ ትንሽ አረፈ። በሩ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ የቀባሁበት ወገቤ አልቀና አለኝ፤ እጄ እስከ ክርኔ ቀይ ሆኗል። ብሩሹን ላጥብ ብዬ ጓሮ ዞርኩ።

ተኩሱ ያን ጊዜ ተነሳ። ሩቅ አልነበረም። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ተከታትሎ፣ ቆርቆሮው ሁሉ የሚመታ እስኪመስል ድረስ። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ተቀመጥኩና ጭንቅላቴን በክንዴ ሸፈንኩ። የአኳራጁ ጣሳ ተገልብጦ ቀሚሴን አረጠበው። ልነሳ ስል ተኩሱ መልሶ ያስቀምጠኛል። ረገብ ሲል በጓሮው በር ገብቼ ወደ አባቴ ክፍል ሮጥኩ።

አልጋው ባዶ ነበር። ጫማቸው ከአልጋው ሥር ነበር። ከዘራቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«አባባ!» ብዬ ተጣራሁ። ሳሎን የሉም። በረንዳው ላይ የሉም። የውጭው በር ግን ተከፍቶ ነበር፤ በነጩ ብረት ላይ ደግሞ የሰው እጅ ቀይ ሆኖ ታትሟል፣ ጣቶቹ ወደ ታች ተጎትተዋል።

ቀለሙን ራሴ ቀብቼው፣ የገዛ እጄ በእሱ ተነክሮ ሳለ፣ እኔ ያየሁት ደም ነበር። አባቴ በሩ ላይ ተመትተው እጃቸውን ደግፈው የወደቁ መሰለኝ። መሬቱ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፣ እርጥቡ ቀለም ላይ። ሽታው ነው ያነቃኝ። ዞር ብዬ ሳይ የባዶ እግር ምልክት ከደረጃው ተነስቶ በቀባሁት መሀል ቀጥ ብሎ ሄዷል። አንድ ቦታ ላይ አዳልጧቸው በእጃቸው ተደግፈዋል። የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ድሮ ተሰብራ ወደ ጎን እንደዞረች ቀርታለች፤ ቀለሙ ላይ እሷም ሳትቀር ታትማለች።

ወጣሁ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። በሩ ሁሉ ተዘግቷል። ሾፌሯ ጥሏት የሄደ አንዲት ባጃጅ መሀል መንገድ ላይ ቆማለች። ኮብልስቶኑ ላይ ቀዩ የእግር ምልክት ወደ ታች ይወርዳል። ግንብ ግንቡን ተጠግቼ ተከተልኩት። መጀመሪያ ሙሉ እግር ነበር፣ ከዚያ ተረከዙ ጠፋ፣ ከዚያ ጣቶቹ ብቻ ቀሩ። ተኩሱ በሌላ በኩል እንደገና ሲነሳ አንድ አጥር ሥር ተለጠፍኩ። ስነሳ ምልክቱ አልቋል። ከዚህ በኋላ ግራ ይሁኑ ቀኝ የማውቅበት ነገር የለም። 

«እዚህ ነን! ልጄ፣ ወዲህ!»

የሐጂ ሱቅ ነበር። የብረት መዝጊያው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ተከፍቶ ከሥሩ እጅ ይጠራኛል። በሆዴ ተስቤ ገባሁ፤ ሐጂ መዝጊያውን አወረዱት። ጨለማውን ዓይኔ እስኪለምደው ድረስ ምንም አላየሁም። ከዚያ አባቴ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጠው ሳይ እግራቸው ሥር ተንበረከኩ። ሰውነታቸውን በእጄ ዳሰስኩ፣ ደረታቸውን፣ ጀርባቸውን። ደህና ናቸው።

«በደጄ ሲያልፉ ጎትቼ ነው ያስገባኋቸው» አሉ ሐጂ። «ካልሄድኩ ብለው ታገሉኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበታቸው ደከም ብሏል።»

«ወዴት ሊሄዱ ነበር አባባ?»

አባቴ አላወቁኝም። እንደ ባዕድ አዩኝና፣ «ልጄ ትምህርት ቤት ናት» አሉኝ። «ተኩስ አለ። ላመጣት ነው። ይኼ ሰውዬ ግን አላሳልፍ አለኝ።»



«አንቺ ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም አባባ።»

«እንግዲያ አይገባሽም። ልጅ ያለው ሰው በዚህ ሰዓት ቁጭ አይልም።» ሊነሱ ሞከሩ። ውጭ ተኩስ ሲጮህ ተሸማቅቀው ተቀመጡ። እስከዚያ ሰዓት የፈራሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ከእኔ ይልቅ ፈርተው ነበር፤ ፈርተውም ሳለ ተኩሱ ወዳለበት ነበር የሚሄዱት።

እጃቸውን ያዝኩ። «ልጅዎ ቤት ገብታለች። አይቻታለሁ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። እርስዎን እየጠበቀች ነው።»

ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ ረጋ። ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ። መዝጊያው ላይ አንድ ነገር ጠጠር እንደተወረወረ ጮኸ፤ ሦስታችንም ጎንበስ አልን።

ጸጥ ካለ ብዙ ቆይቶ ሐጂ መዝጊያውን ከፍ አድርገው አዩ። ለአባቴ የራሳቸውን ሸበጥ አጠለቁላቸው። «አብሬያችሁ ልምጣ» ቢሉ እምቢ አልኩ፤ ባለቤታቸው ከኋላ ቤት ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር።

ማዞሪያው ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው ቁሙ አለን። ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ዓይኑ እጄ ላይ ወረደ፣ ከዚያ ቀሚሴ ላይ፣ ከዚያ የአባቴ እግር ላይ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው።»

«የቆሰለ ስታነሺ ነበር? ማንን?»

«ማንንም። የግቢያችንን ወለል እየቀባሁ ነበር።»

«ዛሬ? በዚህ ቀን?»

 አፈ ሙዙ ወደ ደረቴ ቀና ብሏል። «አባቴ ቤታቸውን ረስተውት ነው» አልኩ። «ቀይ ካልሆነ አያውቁትም።»

እጄን አንስቼ እንዳሳየው ነገረኝ። ቀርቦ አሸተተው። አባቴ በዚህ መሀል፣ «ልጄ እየጠበቀችኝ ነው፤ አሳልፈን» አሉት፤ የሚያውቁትን ልጅ በሚያዙበት ድምፅ። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ አያቸው። ምን እንዳሰበ አላውቅም። በአፈ ሙዙ መንገዱን አሳየን። ከጀርባዬ ይተኩሳል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር የሄድኩት። በራችን እስክንደርስ ድረስ ዞሬ አላየሁም።

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ቀዩን ወለልና የተረገጠውን አዩ።

«ማን ነው በእርጥቡ የሄደበት?»

«እንጃ አባባ።»

«ሰው አያስብም» አሉና በግንቡ ጥግ በተውኩት ደረቅ መንገድ ተጠንቅቀው ገቡ።

ደረጃው ላይ አስቀምጬ እግራቸውን በአኳራጅ ጠርጌ በሳሙና አጠብኩ። ቀለሙ ከጣቶቻቸው መሀል ወጣ። ከቀኝ ውስጥ እግራቸው ላይ ግን አንዱ ቀይ እየታጠበ ይመለሳል። ኮብልስቶኑ ቆርጧቸው ኖሯል። የተከተልኩት ምልክት በከፊል የእውነት ደም ነበር። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩት። 

ከተማው ሲረጋጋ ጎረቤታችን አባቴን እሷ ቤት ወስዳ አስቀመጠችልኝ፤ ምልክቶቹን በደረቅ ብሩሽ ፍቄ ሁለተኛውን ቀለም ደገምኩ። ቫርኒሹን የቀባሁት በሌላ ቀን ነው። ሐጂ ሊያዩ መጥተው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱትና፣ «ይዟል» አሉ።

አባቴ ለብዙ ቀን ምንም አላሉም። አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ሻይ ስሰጣቸው በስሜ ጠሩኝ። «ቀለሙን ማን አሳደሰው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

ግቢውን አዩ። «ደህና ሠርተሻል። በጥላው በኩል ግን ሳስቷል።»

ልክ ናቸው፣ እዚያ ጋ ሳስቷል። ያን ጠዋት ድገሚው ቢሉኝ ኖሮ እየሮጥኩ እደግመው ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ረሱኝ፣ ቤቱንም ረሱት። አሁን አንዳንድ ቀን ያውቁታል፣ አንዳንድ ቀን አያውቁትም። በማያውቁት ቀን እንኳ «ጥሩ ግቢ ነው» ብለው ቁጭ ይላሉ፤ ከዘራቸውን አንስተው የሚወጡበት ቀን ቀንሷል። አልቀረም ግን።

በሩ ላይ ቁልፍ አስገጥሜያለሁ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ ክፍል ውስጥ ሳስተምርም እጄ ወደ እሱ ይሄዳል። የሞተር ሳይክል ጭስ ማውጫ ጧ ሲል ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል፣ ተማሪዎቼም አብረውኝ ወደ መስኮቱ ያያሉ። ከዚያ ጥቂት እናዳምጥና ወደ ትምህርታችን እንመለሳለን።