ያልነበሩ ስድስት ሰዓታት

ትናንት ጅግጅጋ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ዓይኔ እንደ ልማዱ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወዳለው ሰዓት ሮጠ። ልክ ነበር። ልቤ ግን ለመረጋጋት ጊዜ ወሰደበት።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩት እዚሁ ከተማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነበር። ዋናው ኮምፒውተር ሰዓቱን ከኢንተርኔት እየተቀበለ ለሌሎቹ ያድላል፤ ያንን መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር። ማንም አያስተውለውም፤ ለዓይን አፋር ሰው ደግሞ ይስማማል።

ኢንተርኔት በተቋረጠበት አንድ የክረምት ሰሞን፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዋናው ኮምፒውተር ሰዓቱን ስቶ ተነሳ። እኔ ገና አልገባሁም። አለቃዬ አቶ ግርማ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነውና፣ «ሁለት» ብለው ሞሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚቆጥረው ማሽን ግን ያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። እንደ አዲስ የተነሳው የሐኪሙ ኮምፒውተር ተቀበለው። በባትሪ የቆየው የነርሶቹ ላፕቶፕ ልዩነቱ በዝቶበት በራሱ ሰዓት ቀጠለ። ስክሪኑ ሁለት ሲል ማንም አልደነገጠም። እኔ ስገባ አየሁና አስተካከልኩት።

በዚያው ጠዋት፣ ማታውን ከቱሊ ጉሌድ የመጣ አንድ ወጣት ሞተ። በመዝገቡ ሐኪሙ መርፌ ያዘዘው ከሌሊቱ ስምንት ላይ ነው፤ ነርሷ ሆዳን የወጋችው ከጠዋቱ ሁለት ላይ። ሐኪሙ «ያዘዝኩበትን ሰዓት አላስታውስም» አለ። ለቀብር የመጡት እናት ልጃቸው ስድስት ሰዓት ያለ መድኃኒት እንደተተወ ተነገራቸው።

«አባዮ፣» አለችኝ ሆዳን፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «መርፌውን ይዤ ሮጫለሁ። አንቺ እንኳን እመኚኝ።»

ሆዳንን ሊመረምር በተቀመጠው ኮሚቴ ፊት፣ ትእዛዙም የተጻፈው ጠዋት ሁለት ላይ እንደሆነ ድምፄ እየተቆራረጠ ተናገርኩ።

«ማሽን እኮ አይዋሽም፣ ልጄ፣» አሉ አቶ ግርማ።

«አይዋሽም ጋሼ። ግን የሞሉለት የእርስዎን ሰዓት ነው።»

የሐኪሙንና የነርሶቹን ኮምፒውተሮች አስመጥቼ የዚያን ጠዋቱን ስህተት ደገምኩት። የሐኪሙ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ተመለሰ፤ የነርሶቹ አልተነቃነቀም። አቶ ግርማ የእጅ ሰዓታቸውን በኮታቸው እጅጌ ሸፈኑ። ሆዳን ነፃ ወጣች።

«ለእናትየውስ ማን ይነግራቸዋል?» ስል፣ ሰብሳቢው «በርዷል፤ አትቀስቅሺው» አሉኝ።

እኔና ሆዳን በሚኒባስ ወደ ቱሊ ጉሌድ ሄድን። አቧራው ጉሮሮ ይይዛል፤ ለመንገድ የገዛነው የግመል ወተት ሳንነካው ሞቀ። እናትየው በር ላይ ቆመው ሰሙን። ሆዳን በሶማሊኛ ሁሉንም አስረዳቻቸው። የመለሱትን የነገረችኝ መኪና ውስጥ ነው፦ «መጀመሪያ ማሽኑ ያውቃል አላችሁኝ። ዛሬ ማሽኑ ተሳሳተ ትላላችሁ። ነርሷን ለማዳን ነው የመጣችሁት።» ውሃ ጠጡ እንኳን አላሉንም።

ሆዳን ወደ ነርስነት አልተመለሰችም፤ ሽንሌ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። እኔ ዛሬም ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ እኚያን እናት አስባቸዋለሁ። ልጃቸው ብቻውን ተኝቶ ሲጣራ ይታያቸው ይሆናል። እነዚያ ስድስት ሰዓታት ጭራሽ አልነበሩም፤ እሳቸው ግን እስካሁን እዚያ ውስጥ ናቸው።