ቴርሞስታቱ የማን ክፍል ይሰቀል?

እትዬ ሱንዶክ በሶክቾ ወደብ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲያወጡ ያረጁ ሴት ናቸው። ባላቸውን ባሕር ከበላቸው ወዲህ በዚያው ሥራ ቤት ሠሩ፣ አንድ ልጃቸውንም አሳደጉ። እኔ የምኖረው ከአጥራቸው ማዶ ነው። ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ ብለው የሚሸሿቸው ሰዎች ነበሩ፤ እኔን ግን እንደ ልጃቸው የከረፋኝ ሰው የለም።

ዶንግፒል ይባላል። ሴኡል የከፈተው ምግብ ቤት ሲዘጋበት፣ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ እናቱ ተመለሰ። ወዲያው ፀሐይ የሚገባበትን ትልቁን ክፍል ያዘና እሳቸውን ወደ ጓሮው ክፍል አዛወራቸው።

«እማዬ፣ አንቺ ለመኝታ ብቻ አይደል የምትፈልጊው?» አላቸው።

የቤቱ ማሞቂያ አሮጌ ነው። ጓሮ የቆመው ቦይለር ውሃ ያሞቃል፣ ውሃው ወለል ሥር በተቀበረ ቧንቧ ይዞራል። ማብራትና ማጥፋት በእጅ ነበር። ዶንግፒል «ነዳጅ በከንቱ እየነደደ ነው» ብሎ ቴርሞስታት የሚገጥም ሠራተኛ አስመጣ። ግድግዳ ላይ የምትሰቀል ሣጥን ናት፤ የክፍሉን ሙቀት እየለካች ቦይለሩን ራሷ ታስነሳለች፣ ራሷ ታጠፋለች።

ሠራተኛው ገመዱን እየዘረጋ፣ «እማማ ክፍል ላድርገው፤ የቧንቧው መጨረሻ ስለሆነ ቀዝቃዛው እሱ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እሷ ስትነካካ ታበላሸዋለች። እኔ ጋ አድርገው» አለ ዶንግፒል።

ብርዱ ገባ። ዶንግፒል ከሣጥኗ ሥር የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥዶ የአሳማ ሥጋ እየጠበሰ ሶጁ የሚሉትን አረቄ ይጨልጣል። ሣጥኗ ቤቱ ሁሉ የሞቀ ይመስላትና ቦይለሩን ታጠፋለች።

አንድ ቀን ለእትዬ ሱንዶክ ሾርባ ይዤ ገባሁ። ወለሉ ላይ ከመቀመጤ ብድግ አልኩ፤ እንደ ድንጋይ በርዷል። ጥግ ጥጉን ጥቁር ሻጋታ ወርሶታል። እሳቸው የወደብ ካፖርታቸውን ለብሰው ኩርምት ብለዋል፤ ሲተነፍሱ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል።

ወደ ልጁ ሄድኩ። በካናቴራ ተቀምጧል፣ አገጩ በስብ ወዝቷል።

«አንተ ሰው፣ እናትህ በብርድ ሊያልቁ ነው እኮ!»

«ያው ሃያ አራት ይላል» አለ፣ ወደ ግድግዳው እየጠቆመ። «ማሽን አይዋሽም። አርጅታ ነው የሚበርዳት።» ጥርሱን በጥፍሩ ጎርጉሮ ያወጣውን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ «ጎረቤቴ፣ ሥጋ ላጉርስሽ?» አለኝ።

ሳልሰናበት ወጣሁ።

በሌላ ቀን እሱ ሳይኖር እትዬ ሱንዶክ ክፍሉን ሊጠርጉ ገብተው መስኮት ሲከፍቱ፣ ቦይለሩ ጓሮ ማጓራት ጀመረ። መስኮቱን ዘጉት፣ ቆይቶ ጸጥ አለ። ነገሩ ገባቸው። ከማቀዝቀዣው ድርቅ ያለ በረዶ የሆነ ዓሣ አውጥተው በሲባጎ ሣጥኗ ላይ አንጠለጠሉና ክፍላቸው ገብተው ተኙ። ወለሉ ሞቀላቸው።

ዶንግፒል ሲመለስ ዓሣው ቀልጦ፣ የገማው ውሃ በግድግዳው ወርዶ ፍራሹን አርሶታል። ጩኸቱ እኔ ቤት ድረስ ተሰማኝ፤ ሮጬ ገባሁ።

«አብደሻል እንዴ እማዬ?!»

«ማሽኑ በረደኝ አለ፤ አይዋሽም ብለህ የለ» አሉት። «አሁን ዕቃህን ሰብስብና ወደ ጓሮው ሂድ። ቤቱ የእኔ ነው።»

«እዚያማ እንዴት ይታደራል? ይበርዳል እኮ!»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው» አሉ እትዬ ሱንዶክ ቀስ ብለው። ካፖርታቸውን አውልቀው ፍራሹ ላይ ጣሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ሠራተኛውን ራሳቸው ጠርተው ሣጥኗን ወደ ጓሮው ክፍል አስዛወሩ፤ አሁን ዶንግፒል ወደሚተኛበት። እኔ ተናደድኩ።

«ለእሱ ነው የሚያዝኑት? ትንሽ ብርድ ይቅመስ እንጂ!»

«ለእሱ ብዬ አይደለም» አሉኝ። «እኔ እንደሱ ልሁን?»

ቤቱ ሁለቱንም ማሞቅ ጀመረ። ነዳጁ ከበፊቱ በላይ ሄደ፣ ዶንግፒልም ሂሳቡን ለመክፈል ወደብ የዓሣ ሣጥን መሸከም ጀመረ።

በአዲስ ዓመት ዘመድ ሲሰበሰብ እኔም ተጠራሁ። ዶንግፒል ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እንደ አገሩ ልማድ ግንባሩ ወለል እስኪነካ ለእናቱ ሰገደ። ዘመዶቹ «ምን ያለ ልጅ ነው!» አሉ። እትዬ ሱንዶክ ስግደቱን ተቀበሉ፣ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም። እኔ ግን «ይበርዳል እኮ!» ማለቱ ትዝ ብሎኝ የሩዝ ሾርባዬን ከግማሽ ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።