እትዬ አስካለ ያገኙልኝ ድመት

ውሮ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጥቁር ድመት ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ እየተኛ ደብተሬን ሁሉ ፀጉር በፀጉር ያደርገው ነበር። ባለፈው ወር ጠፋብኝ። በምንኖርበት ሰፈር፣ ብሬብሩክ ውስጥ፣ ማስታወቂያ ያልለጠፍኩበት የአውቶቡስ ፌርማታ የለም።

በሦስተኛው ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እትዬ አስካለ አንድ ድመት በነጠላ ጠቅልለው በራችን ላይ ቆሙ።

«እንኪ ልጄ፣ ድመትሽን አገኘሁልሽ።»

ነጠላውን ገለጥ ሳደርግ ግራጫ ድመት አፈጠጠችብኝ።

«እትዬ፣ የኔ ጥቁር ነበር» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ምን ጥቁረት ይተርፈዋል?»

«ደግሞ ወንድ ነበር።»

«በዚህ ዕድሜዬ እሱን ልመርምርልሽ?»

እሳቸውን ማሳፈር ስለከበደኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩ።

ውሮ ያንኑ ዕለት አመሻሽ ላይ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። የሰው ድመት ይዤ መቀመጤ ግን አስጨነቀኝ። አንድ ልጅ እንደኔ እያለቀሰ ይፈልጋት ይሆናል። በማግስቱ ድመቷን ታቅፌ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «ይቅርታ እትዬ፣ ይቺ የኔ አይደለችም» ማለትን ስለማመድ ነበር።

በሩን ሲከፍቱልኝ ከኋላቸው የታሸጉ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ድመቷ ከእጄ ዘላ ወርዳ ሶፋው ላይ ተጋደመች። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«እንኳን መጣሽ። ነገ ፖይንት ኩክ የሚኖረው ልጄ ቤት ልገባ ነው፤ ሚስቱን ደግሞ ድመት ያስነጥሳታል» አሉና አንድ ሳህን አቀበሉኝ። «መብያዋን ረስቼው ነበር።»