በሬ የሰረቁት አባቴ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ፎቶ ኮፒ የማነሳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሌባ የምፈጥር ሰው ነኝ። ስሜ እጅጉ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያፈራሁት ሀብት አንድ ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበርና ለማንም አስረድቼ የማልጨርሰው ሙያ ነው። ጓደኞቼ ጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡና እኔ የጻፍኩላቸውን ሰው ሆነው ይጫወታሉ፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ አዋላጅ፣ አንዱ ደብተራ። ወንጀል ይፈጸማል፤ ፍንጩን በፖስታ አሽጌ አስቀምጣለሁ፤ እነሱ እየከፈቱ ወንጀለኛውን ያወጣሉ። እኔ ራሴ የጻፍኩትን እንቆቅልሽ መፍታት ያቃተኝ ጊዜ አለ፤ ይህን ለጓደኞቼ አልነገርኩም።

ባለፈው ጥር አባቴ አቶ ኪዳነ ማርያም ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከቡሬ ገጠር መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ካርታና ወረቀት አይተው ምንነቱን ጠየቁኝ። ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው። በጥሞና አዳመጡኝና፣ «እና ሥራህ ምንድን ነው?» አሉ።

በዚያው ሰሞን የቡሬው ጎረቤታቸው ደውሎ ስለ እኔ ሲጠይቃቸው፣ «ፎቶ ኮፒ ያነሳል፤ በተረፈ ይጫወታል» ሲሉት ሰማሁ። ከፋኝ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ ጭንቅላቴ ሲሠራ እንዲያዩልኝ ፈለግሁ።

ስለዚህ ሦስት ወር የደከምኩበትን «የጠፋው በሬ» አወጣሁ። አሥራ አንድ ፖስታ ነው፤ የኮቴ ዱካ ሥዕል አለበት፣ የጋቢ ክር አለበት፣ እኔ አሮጌ ያስመሰልኩት ደብዳቤም አለበት። የሌባውን ወረቀት ለአባቴ ሰጠኋቸው። ብልሃቴን እዩልኝ፤ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ በሬ ነድቶ ጠፋ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«እንግዲህ ልጄ ስረቅ ካለኝ ምን አደርጋለሁ» አሉና ተቀበሉኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ጓደኛዬ የመድኃኒት ቤቷ ያምሮት የመጀመሪያውን ፖስታ ትከፍታለች ብዬ ስጠብቅ እጇን አጣጠፈች።

«አውጫጭኝ ይጠራ» አለች።

«ምን?»

«የአገሩ ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰብሰብ። ሌባው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ሁሉም በየተራው ይማል።»

«ፖስታዎቹስ?»

«በሬ ጠፍቶ ማን ፖስታ ይከፍታል?»

የጨዋታውን ሕግ አገላብጬ አየሁት፤ የሚከለክላት አንድም መስመር የለም። የጎጃም ልጅ ሆኜ፣ አያቶቼ ሌባ የሚያወጡበትን መንገድ ረስቼ፣ ሦስት ወር ከኢንተርኔት ፍንጭ ስለቅም ከርሜያለሁ።

ነጋዴው ማለ። ደብተራውም ማለ። ተራው አባቴ ጋ ደረሰ። ወረቀታቸው ላይ በቀይ ቀለም «በምንም ምክንያት እንዳያምኑ» ብዬ ጽፌያለሁ። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ያንን ጉልበት ይዘው ተነሡ።

«በሐሰት መማል ለጨዋታም አይሆንልኝም። በሬውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

አራት ሰዓት ይፈጃል ያልኩት ጨዋታ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ጓደኞቼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለአባቴ ያሳየኋቸው ጭንቅላት ይኸው ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወንበር ሳነሣሣ አባቴ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«አበላሸሁብህ መሰለኝ።»

«ኧረ የለም፣ አባባ። እርስዎ ምን አደረጉ?»

«በል ክፈተው።»

«ምኑን?»

«ፖስታውን ነዋ። በምን ልትይዘኝ እንደነበር ልወቅ።»

አንድ በአንድ ከፈትኩላቸው። አራተኛው ላይ፣ የኮቴውን ዱካ ሲያዩ፣ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አንድ በሬ ብቻ ነው የሰረቅሁት?»

«አዎ።»

«ይህማ አይሆንም። ተጣምሮ ያረሰ በሬ ከጓደኛው ሲለይ እየጮኸ ነው የሚሄድ። አገሩ ይነቃብኛል።» ትንሽ አሰቡ። «እኔ ብሆን ሁለቱንም ነው የምነዳ።»

በሐሰት አልምልም ያሉት ሰውዬ እስኪመሽ ድረስ የስርቆት ብልሃት ሲነግሩኝ ዋሉ። ድልድዩን ትተው በየትኛው መሻገሪያ እንደሚያልፉ፣ የትኛው ውሻ እንደሚጮህ ሁሉ ነገሩኝ። እኔ ጻፍኩ። ከጻፍኩት ውስጥ የእኔ የሆነው ርእሱ ብቻ ነው።

ሰኞ አባቴ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ ጎረቤታቸው ደወለ። ሐኪሙ ጨርሶ አሰናብቷቸዋልና ሐሙስ ይመጡ እንደሆነ ነው የጠየቃቸው። ፎቶ ኮፒውን አቁሜ አዳመጥኩ።

«ሐሙስ አልመጣም» አሉት አባቴ። «ከልጄ ጋር ሥራ ይዘናል።»